ስም የማይጠራበት ቤት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረምና የልብስ ልክ ለመጻፍ ብቻ ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን ዓይን ስለሌለው አላፍረውም ብዬ ጀመርኩ።

አሁን መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ወላድ ቤት ነበር፤ መጀመሪያ በየሰው ቤት፣ በኋላም ጤና ጣቢያ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ተክሌ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ይህንን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ለምን አትጽፊውም? ቤት መውለድ እየቀረ ነው። እናንተ ያያችሁትን ነገ ማን ሊያወራው ነው?» አሉኝ። ብዙ ያየሁት የለም። አንድ ቤት ነው ያየሁት ማለት ይቻላል፤ የቀረው ሁሉ ወደዚያ ቤት የሚወስድ መንገድ ነበር። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። መጠየቅ ያለባትን ሴትም ጠይቄያታለሁ።

እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ ታላቅ እህቷ እትዬ አስካለ ናቸው። ቀበሌያችን ከዘመሮ ከተማ በእግር ራቅ ብሎ፣ ሜዳው ሳይታሰብ ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት ጫፍ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣና ቤቱንም፣ ከብቱንም፣ ሰውንም ይውጣል። ጎረቤት አጠገብ ላጠገብ ሲያልፍ በሳሉ ነው የሚታወቀው።

እትዬ አስካለ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፤ አንዱ ገብስ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ምርቃት ይሰጣቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ቤት መውለድ ይቅር» ማለት ስትጀምር አልተጣሏትም። እንዲያውም ወላዶቹን ራሳቸው እየደገፉ እስከ መኪናው መንገድ ያደርሱ ነበር። ቤት የሚያዋልዱት ምጡ ወይም ጉሙ ሲቀድማቸው ብቻ ነው።

አሠራራቸውን ልንገር። ወላድ ቤት ሲገቡ ማንንም ሰላም አይሉም። ቀለበታቸውን ያወልቁና ለእኔ ይሰጡኛል። ጥፍራቸው ሁልጊዜ እስከ ሥጋው የተቆረጠ ነው። እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠቡና በጨርቅ አይጠርጉትም፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በእሳቱ ወላፈን ያደርቁታል። ምላጩ ከነወረቀቱ መምጣት አለበት፤ እሳቸው እያዩ ካልተከፈተ አይነኩትም። ከዚያ ወደ ወላዷ ይቀርቡና ከመንካታቸው በፊት ስሟን ይጠራሉ። «ታደለች፣ እኔ ነኝ። እጄን ሆድሽ ላይ ላደርግ ነው።» እጃቸውን ባሳረፉ ቁጥር እንዲሁ ነው። ስም ሳይጠሩ ሲነኩ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምጥ የያዛት ሴት ሩቅ ነው የምትሄደው» አሉኝ። «እኛ ጋ የሚቀረው ገላዋ ነው። ስሟን ካልጠሩላት መመለሻውን አታገኘውም።»

«ሳትመለስ የቀረች አለች?»

«ውኃውን አፍልተሽዋል?» አሉኝ።

የእኔ ድርሻ እግር ነበር። ወላዷ እግር ሥር ተቀምጬ ሁለቱን እግሮቿን እይዛለሁ። ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ፊቷ ሳይለወጥ በፊት እግሯ ይቀዘቅዛል። «ፊት ያታልላል፤ እግር አይዋሽም» ይሉ ነበር። መናገር ስለማልወድ እግሩ ሲሞቅ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ሲቀዘቅዝ እወዘውዛለሁ። እሳቸው ሥራቸውን እየሠሩ በዓይናቸው ጠርዝ ያዩኛል። እንዲህ እየተግባባን ብዙ ቤት ዞርን። ሴቶቹ ሲጠሯቸው፣ «ያቺን ዲዳ ልጅ ይዘዋት ይምጡ፤ እጇ ይሞቃል» ይሏቸው ነበር።

ከገደሉ አፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት የእማማ ድንቅነሽ ነው። እማማ ድንቅነሽ የእትዬ አስካለ እኩያ ናቸው፤ አብረው ነው ያደጉት። ልጃቸው ሽፈራው ዘርፌን አግብቶ እዚያው ነው የሚኖረው። ዘርፌ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ስታገባ ሳቂታ ነበረች፤ ወንዝ ስንወርድ እንስራዋን እንዳዘለች የቄሱን አነጋገር እየቀዳች ታስቀን ነበር። በኋላ አንድ ፅንስ ጨነገፈባት። ቀጥላ ልጅ ወለደች፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ሾተላይ ነው አለ። ሾተላይ በእኛ አገር የአንዲትን እናት ልጆች እየተከታተለ የሚፈጅ የማይታይ ነገር ነው። የእናቲቱን ስም ያውቃል ይባላል፤ ስሟ በተጠራበት ይመጣል።

አንድ ጠዋት እማማ ድንቅነሽ በጉሙ ውስጥ እኛ በር ላይ ቆሙ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

«አስካለ፣ ቤቴ ያረፈች አንዲት እንግዳ ሆዷን አሟታል። ብታይልኝ።»

«እንግዳ? ዘርፌስ?»

«ዘርፌማ አልጋዋ ላይ ናት፤ ምጥ ይዟታል። እሷን ሌሎቹ ይዘዋታል። አንቺ እንግዳዋን እይልኝ።»

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ምንም ሳይሉ ምላጩንና ሳሙናውን አነሡ። መንገድ ላይ ግን አላስቻላቸውም።

«ጤና ጣቢያ ትግባ ብዬሽ አልነበረም፣ ድንቅነሽ?»

«በመኪና? እሱ እንደሆነ ትኬት አይቆርጥ። አብሯት ይሳፈራል።»

«ይሄ ቀልድ ነው አሁን?»

«ሦስቱንም ታቅፌ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አልቀለድኩም።»

ቤቱ ስንደርስ ሁለት ባልቴቶች አልጋው ዳር ተቀምጠው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። አልጋው ላይ ሴት ተኝታለች። ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ወፍራም የሱፍ ባና እስከ አንገቷ ለብሳለች። አንደኛዋ ባልቴት ግንባሯን በጨርቅ ታብሳለች፤ «አይዞሽ ዘርፌ፣ አይዞሽ ልጄ» ትላለች። እኔ እንደ ልማዴ እግር ሥር ሄጄ ተቀመጥኩና እጄን ከባናው ሥር ሰደድኩ።

እግር የለም። እጄ የነካው ጠጉሩ ያልተላጨ የፍየል ቆዳ ነው፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ተጫንኩት፤ ውስጡ እንደ አሸዋ ተንሸራተተ። ገብስ ነው። ሁለት ስልቻ ገብስ ጫፍ ለጫፍ ታስሮ ሰው ሆኗል። እጄን ለማውጣት እንኳ አቃተኝ።

ባልቴቷ ማበሷን ሳታቋርጥ አየችኝ። «ቀስ በይ» አለችኝ። «ያማታል።»

እውነተኛዋ ዘርፌ ከግድግዳው በስተጀርባ፣ በጓሮ በር በሚገባበት የጥጃ ጋጥ ውስጥ ነበረች። የወንድ ካፖርት አልብሰዋታል፣ የወንድ ባርኔጣ አድርገውላታል። እንዳትጮኽ የተጠቀለለ ጨርቅ ነክሳለች። እማማ ድንቅነሽ ጎንበስ ብለው በእትዬ አስካለ ጆሮ፣ «ስሟን እንዳትጠሪ። አንድ ጊዜም ቢሆን። ይሄኔ እዚያ አልጋው ዳር ቆሟል፤ እዚያው ይቆይ» አሏቸው።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ታጥበው ውኃው እየተንጠባጠበ ቆሙ። ስም ሳይጠሩ መንካት አያውቁማ። ዘርፌ ግን መጠበቅ የማትችልበት ደረጃ ላይ ነበረች።

«እሺ፣ ስሟን አልጠራም» አሉ በመጨረሻ። «ሽፈራው ግን አሁኑኑ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ለአምቡላንስ ይደውል። በዚያው ለቅሬው ይናገር፤ ቃሬዛ ይምጣ።»

ቃሬዛው የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ነው፤ የታመመም የሞተም የሚሸከሙበት። እማማ ድንቅነሽ ይከራከራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ይምጣ» አሉ። ወዲያው ነው እሺ ያሉት። ሽፈራው ስልክ ወደሚይዝበት ኮረብታ ሮጠ።

ልጅቷ ቃሬዛው ሳይመጣ ተወለደች። እልልታ የለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የለም። እትዬ አስካለ ጀርባዋን አሹዋት፤ እንደ ድመት ትንሽ ድምፅ አወጣች። እማማ ድንቅነሽ በአሮጌ ጆንያ ጠቀለሏትና ለግድግዳው፣ ለጣሪያው፣ ለጥጃው፣ «ምንም አልተወለደም። ገለባ ነው። ገለባ ማን ይሰርቃል?» አሉ። የልጅቷ ስም በዚያው ገለባ ሆኖ ቀረ።

እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ጠበቅን። እትዬ አስካለ ሆዷን በመዳፋቸው ይጫናሉ፤ ጡቷን ያሻሉ። እኔ እግሯን ይዣለሁ። መጀመሪያ ጣቶቿ ቀዘቀዙ፤ ቀጥሎ ተረከዟ። ራሴን ወዘወዝኩ። እትዬ አስካለ አዩኝ። ዘርፌ ዓይኗ ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል፤ ግን አያይም። እትዬ አስካለ ለመጣራት አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። «አንቺ…» አሉ፤ «አንቺ ልጅ… አንቺ…» እንደዚያ ሲቸገሩ አይቻቸው አላውቅም። አንቺ ማንም ናት። ዘርፌ አልዞረችም።

በዚያን ጊዜ ከፊት በር በኩል የወንዶች እግር ሰማን። ቃሬዛው መጣ ብዬ ልቤ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ድምፅ ከቤት ወጣ። ከዚያ ራቀ። እየራቀ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ዘርፌ ጨርቁን ከአፏ ተፋችው።

«ማንን ነው የሚወስዱት?» አለች።

ሮጬ ወደ ፊተኛው ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። እማማ ድንቅነሽ ልጅቷን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ የወላድ ፊት ማየት ነውር ነው ብለው ከነመኝታው አንሥተው ወስደውታል። ማን እንደተኛ አላዩም፤ ሽፈራውም ለእነሱ ተናግሮ ወደ ኮረብታው አልፏል፤ ገና አልወረደም።

«እማማ… ቃሬዛው…» አልኩ።

«ሄደ።»

«ማንን ይዞ?»

«ዘርፌን ነዋ!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ራሳቸው ስበውኝ በሹክሹክታ፣ «ዝም በይ። ተከትሏቸዋል። ገደሉን ይሻገር፣ አስፋልቱን ይሻገር፣ ከዚያ ይምጡና እንግዳዋን ይውሰዱ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ዘርፌን ያዳኑ መስሏቸው ነው።

ከጋጡ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ። «ትርንጎ፣ ሩጪ!»

ሮጥኩ። ያን ቀን ጉሙ የእጅን ጣት አያሳይም ነበር። መንገዱ በገደሉ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ ከበታች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ፣ አይታዩም። ከፊቴ የወንዶቹን እግርና የቃሬዛውን ሲጥታ እሰማለሁ። ልጣራ አልኩ፤ ድምፄ ጠፋ። ወንድ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ የወጣልኝ ቀጭን ሲቃ ብቻ ነው። የፊተኞቹ እግሮች ቆም አሉ። አዳመጡ። እኔም ትንፋሽ ሰብስቤ፣ «ዘርፌ ቤት ናት!» አልኩ።

ከፊት አንዱ፣ «ወደ ኋላ እንዳታዩ! ስሟን እየጠራ ነው!» ሲል ሰማሁ።

ሮጡ። እኔ በሮጥኩ ቁጥር እነሱ ይብሳሉ። «በስመ አብ» ይላሉ፤ ቃሬዛው ይንገጫገጫል። የሚሸሹት እኔን እንደሆነ ሲገባኝ መቆም ፈለግሁ። ብቆም ደግሞ ዘርፌ አለች። ስልቻው ተቀዶ ኖሮ ገብሱ በመንገዱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ከእግሬ በታች ሲንሸራተተኝ ነበር የሄዱበትን ያወቅሁት።

መኪናው መንገድ ስደርስ አምቡላንሱ ቆሟል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሲስተር ራሄል ቃሬዛው ላይ አጎንብሳ ነጠላውን ገልጣለች፤ መዳፏ ላይ ገብስ ይዛ ታየዋለች። ወንዶቹ ከቃሬዛው ሸሽተው ቆመዋል። እኔ ከጉሙ ስወጣ ደምሴ የሚባለው፣ የሠፈሩ ቀልደኛ፣ ድንጋይ አነሣ።

መናገር አልቻልኩም። ሲስተር ራሄል ግን ፊቴን አላየችም፤ እጄን ነው ያየችው።

«ይሄ የማን ደም ነው?»

«የዘርፌ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋን ከመኪናው አወጣችና፣ «ገብሱን አውርዱት! ባዶውን ተሸከሙና ተከተሉኝ!» ብላ ወደ መጣሁበት መሮጥ ጀመረች። ደምሴ ድንጋዩን ጣለና ቃሬዛውን አነሣ።

ገና ቤቱ ሳይታየን የእትዬ አስካለን ድምፅ ሰማን። «ዘርፌ! ዘርፌ! ነይ ተመለሽ! ዘርፌ!» ይላሉ፤ በሙሉ ድምፃቸው፣ ገደሉ እስኪመልሰው። «ዘርፌ» ይላሉ፤ ከበታች ደግሞ አንድ ነገር «ዘርፌ» ይላል። እማማ ድንቅነሽ በሩ ላይ ተቀምጠው የሕፃኗን ጆሮ በሁለት እጃቸው ደፍነዋል።

እትዬ አስካለ በጡጫቸው ሆዷን እንደተጫኑ ነበር ያገኘናቸው። ክንዳቸው ደርቆ ሲስተር ራሄል ናት አላቃ ያነሣችላቸው። መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰካችላት፣ እንግዴ ልጁን አወጣችው። ዘርፌን በዚያው ቃሬዛ አነሡ። እኔ እግሯን ይዤ ከጎን ሄድኩ። ሆስፒታል ሄደች፤ ደም ተሰጣት፤ ዳነች።

ከሁሉ ነገር በኋላ ደምሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ይስቅብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ትርንጎ፣ ድንጋዩን ይቅር በይኝ። አንቺ እንደሆንሽ አሁን አውቄያለሁ» አለኝ።

«ምንም አይደል።»

«አንቺን ሰምተንሻል፤ የላስቲክ ጫማሽን ኮቴ።» ቀልድ ፊቱ ላይ አልነበረም። «ከአንቺ ኋላ በባዶ እግሩ ይሮጥ የነበረውስ ማነው?»

ሳላውቀው ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

እስካሁን የጻፍኩት የዳነችበትን ነው። ያልሆነልን ከዚያ በኋላ ነው። ዘርፌ ከሆስፒታል ስትመለስ እኔና እትዬ አስካለ ልንጠይቃት ሄድን። በጥጃው ጋጥ በኩል ተነጥፎላት ተኝታለች። ልጅቷ ደህና ናት፤ ቢጫ አልሆነችም። እማማ ድንቅነሽ ለዘርፌ ያቀብሏታል፤ ጠብታ ስትጨርስ ይወስዷታል።

«እንግዳዋ ጡት አላት፤ እግዜር ይስጣት» አሉን።

«ድንቅነሽ፣ አሁንስ በቃሽ» አሉ እትዬ አስካለ። «ልጅቷ ድናለች። እናቷ ናት።»

«እናቷ በቃሬዛ ሄዳለች። ሰው ሁሉ አይቷል።» ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አንቺ ነሽ በቤቴ ውስጥ ስሟን የጮኽሽው። ቤቱን አሳየሽው። ከእንግዲህ ዘርፌ የምትባል ሴት እዚህ ከተገኘች ይመጣል» አሉ።

ሽፈራው አጠገባቸው ነበር። መሬት መሬት ያያል። ሦስት መቃብር የቆፈረ ሰው ነው።

እትዬ አስካለ ወደ ዘርፌ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዘርፌ ልጅቷ የተወሰደችበትን በኩል እያየች፣ «ትኖር የለ?» አለች። «ትኑር እንጂ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ጎረቤቱም ተቀበለው። መጀመሪያ ለእማማ ድንቅነሽ ሲሉ ነው፤ በኋላ ለመዱት። ወንዝ ስትወርድ «እንግዳዋ መጣች» ይላሉ። ከእሷ ጋር ያደጉ ሴቶች እንኳ ስሟን ሊጠሩ ሲሉ አፋቸውን ይይዛሉ። አንድ ቀን አብረን ውኃ ስንቀዳ የቄሱን አነጋገር እንድትቀዳልኝ ለመንኳት። «እሱን የምትችለው እሷ ነበረች» አለችኝ። ውኃው ውስጥ ጥላዋን እያየች ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ከእሷ ጋር ወንዝ መውረድ ፈራሁ።

እትዬ አስካለ ከዚያ ቀን በኋላ አላዋለዱም። ክንዴ ነው ይሉ ነበር። ቀለበታቸውንም ከጣታቸው አላወለቁም። ሲጠሯቸው፣ «ጤና ጣቢያ ሂዱ» ብቻ ነው መልሳቸው። ባረፉበት ክረምት አጠገባቸው ነበርኩ። እግራቸውን ይዤ፣ ስማቸውን እየጠራሁ ነው የሸኘኋቸው።

ሥራውን ያስቀጠለችኝ ሲስተር ራሄል ናት። ከጤና ጣቢያው ጎን የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ሩቅ አገር ያሉ ሴቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት። እዚያ ገንፎ እንዳገነፋ፣ አንሶላ እንዳጥብ አስቀጠረችኝ። ደመወዙ ይዘገይ ነበር፤ ሥራውን ግን ወድጄው ነበር። ማዋለጃ ክፍል ሲጨንቃት፣ «ትርንጎ፣ እግር ያዢልኝ» ትለኛለች። የደም ግፊት መለኪያ አላት፤ ግን «ሁለቱንም ልስማ» ትል ነበር። ከመንካቷ በፊት ስም መጥራትም ጀምራለች። ያን ቀን ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ዘርፌ ልጅቷን አዝላ መጣች። እማማ ድንቅነሽ እግራቸው ደክሞ መውጣት ስላቆሙ ልጅቷ ጆሮዋን ሲያማት ይዛት የምትወጣ ሌላ ሰው አልተገኘም። ገለባ አድጋለች፤ ወሬኛ ሆናለች። «እንግዳዬ፣ አውርጂኝ» ትላታለች። «እንግዳዬ፣ ያ ምንድን ነው?» ትላታለች።

ሲስተር ራሄል ጆሮዋን አይታ መድኃኒት ጻፈችላትና፣ «እናቷ አንቺ ነሽ?» አለቻት። አላወቀቻትም ነበር።

ዘርፌ መልስ ከመስጠቷ በፊት ልጅቷ፣ «እናቴማ በቃሬዛ ሄደች» አለች፤ ሰው ስለ አባቱ ጀግንነት እንደሚናገረው። «የሚከተላትም ነበረ።»

ሲስተር ራሄል ቀና አለች። ዘርፌን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ራሴን ነቀነቅኩላት። ተነሥታ በሩን ዘጋችና፣ «ሆስፒታል ደም ሲሰጡሽ የደምሽን ዓይነት ነግረውሽ ነበር?» አለቻት።

«ብርቅ ነው ብለውኛል። ሌላ አላሉኝም፣ አልጠየቅሁም።»

«የልጅቷን ደም እንድናይ ትፈቅጂያለሽ? ጣቷን ጠቅ ነው።»

ዘርፌ ወደ ተዘጋው በር አየች። እማማ ድንቅነሽ ቢሆኑ አይፈቅዱም። በመጨረሻ የልጅቷን ጣት ራሷ ይዛ ዘረጋችላት።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር ራሄል አጠገቧ ቁጭ አለች። ገና ማውራት ስትጀምር ዘርፌ የልጅቷን ሁለት ጆሮ በመዳፎቿ ደፈነች። በዚያ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«የአንቺና የባልሽ ደም አይገጥምም» አለቻት ሲስተር ራሄል በቀስታ። «ልጅ የአባቱን ደም ይዞ ሲፀነስ የአንቺ ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል፤ ቢጫ ሆኖ የሚሞተው ለዚያ ነው። ፅንስ ሲጨነግፍ ወይም ስትወልጂ ወዲያው የሚወጋ መርፌ ነበረ፤ አላገኘሽውም። ያለቁት ልጆች የአባታቸውን ደም የያዙ ይመስለኛል።»

«ይቺስ?»

«ይቺ ያንቺን ነው የያዘችው።»

ዘርፌ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ፣ «እነሱ የሚሉት… የኔ ስላልሆነች ነው የዳነችው ነው» አለች።

«ያንቺ ስለሆነች ነው የዳነችው። በደሟ ያንቺ ስለሆነች።»

«እንደገና በይልኝ።»

ሲስተር ራሄል እንደገና አለችላት። በዚያው ቃል፣ ምንም ሳትጨምር። ሲያበቃ አየሁ፤ የዘርፌ መዳፎች ከልጅቷ ጆሮ ላይ ወርደው ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል። መቼ እንዳወረደቻቸው አላየሁም። ልጅቷ ምን ያህሉን እንደሰማችም አላውቅም።

እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። ጉሙ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ሰዎቹ አይታዩም። ዘርፌ ልጅቷን አላዘለቻትም፤ እጇን ይዛት ቆመች። ወደ ጉሙ ታያለች። ምን እንደምታዳምጥ ገብቶኛል። እኔም አዳመጥኩ። ለዓመታት በልጇ ሕይወት ላይ ቆሞ የከረመ ነገር በአንድ የጣት ደም ይሄዳል ብሎ ማመን ቀላል አይደለም። እማማ ድንቅነሽ ቤት ይጠብቃሉ። ነገ ልጅቷን ትኩሳት ቢይዛት ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚሆን ታውቃለች።

ምን ብዬ ልሰናበታት? ድንገት ከአፌ፣ «በይ ደህና ግቢ፣ ዘርፌ» የሚል ወጣ። ጮክ ብዬ ነበር።

ስሙ ጉሙ ውስጥ ገባ። እኔና ዘርፌ ወደ ጉሙ አየን። ምንም አልመጣም።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ዘርፌ ማናት?»

ልመልስላት ስል ዘርፌ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ትርንጎ» አለችኝ። «እኔ እነግራታለሁ።»